የመድኃኒት ማስታወቂያን እንዴት እንስማው?



የዚህ እትም ትምህርታችን ስለ መድኃኒት ማስታወቂያ ነው። ይህን ርእስ ለምን መረጣችሁ ትሉ ይሆናል። ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ቆማ የምትሠራ እኅት ወገቧን ያማታል፣ ራሷን ይፈልጣታል፣ እንቅልፍ ታጣለች። ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ግን የአሠሪ ፈቃድ፣ ገንዘብና ቋንቋ ያስፈልጋታል። በዚህ መካከል በሳሎኑ ቴሌቪዥን ወይም በእጅ ስልኳ ላይ አንድ ፈገግ ያለ ሰው ብቅ ብሎ «ሕመምሽን የሚያጠፋው ይኸውልሽ» ይላታል። ሐኪም የራቃት ሰው የምትሰማው የቀረባትን ድምፅ ነው። ስለዚህ ያ ድምፅ የማን እንደሆነና እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅመናል።

አስቀድመን አንድ ነገር እንያዝ። መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ይመክረናል፤ ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም ሐኪም ነበረ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ደግሞ ደም ይፈስሳት የነበረችው ሴት ወደ ጌታችን ከመምጣቷ በፊት ያላትን ሁሉ በብዙ ባለመድኃኒቶች ጨርሳ እንዳልተሻላት እናነባለን። ከሁለቱ የምንማረው መድኃኒትን መናቅም፣ ሳይመረምሩ ማመንም እንደማይገባ ነው።

1. በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሰጥ መድኃኒት

በፋርማሲ ከሚሸጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ፓራሲታሞል፣ ያለ ማዘዣ ይገኛሉ። ሌሎቹ ግን፣ ለምሳሌ የደም ግፊት፣ የስኳርና የአንቲባዮቲክ መድኃኒቶች፣ ሐኪም መርምሮ ሊያዛቸው ይገባል። ምክንያቱም ለአንዷ ፈውስ የሆነው ክኒን ኩላሊቷ ለደከመ፣ ለነፍሰ ጡር ወይም ሌላ መድኃኒት ለምትወስድ ሴት ጉዳት ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለየው ምርመራ ነው። ማስታወቂያ ግን የሚያየውን ሰው አይመረምርም፤ ለሁሉም አንድ ቃል ይናገራል።

2. ማስታወቂያው የሚፈቀደው የት ነው?

በአብዛኞቹ የዓለም አገሮች በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥን መድኃኒት ለሕዝብ ማስተዋወቅ ክልክል ነው። የአውሮፓ ኅብረት አገሮችም ይከለክላሉ። በሰፊው የሚፈቅዱት አሜሪካና ኒውዚላንድ ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ በ1962 የወጣ ሕግ እነዚህን ማስታወቂያዎች የመቆጣጠር ሥልጣን ኤፍ.ዲ.ኤ. ለተባለው የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት ሰጠ። ስለ ጉዳታቸው መነገር ያለበት ዝርዝር ረጅም ስለነበር በቴሌቪዥን አጭር ጊዜ ውስጥ አይበቃም ነበር። በ1997 ግን መሥሪያ ቤቱ ዋና ዋናዎቹ ጉዳቶች ከተነገሩና የቀረው ዝርዝር በስልክ፣ በመጽሔትና በኢንተርኔት የት እንደሚገኝ ከተጠቆመ ይበቃል አለ። ከዚያ ወዲህ ማስታወቂያው ቴሌቪዥኑን ሞላው።

ደጋፊዎቹ «ሕመሙን ያላወቀ ሰው ማስታወቂያውን አይቶ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል» ይላሉ። ይህ እውነትነት አለው። ነገር ግን መሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያውን ሁሉ አስቀድሞ አይቶ የሚያጸድቅ እንዳይመስላችሁ። ብዙ ጊዜ ስሕተቱ የሚታረመው ሕዝብ ካየው በኋላ ነው።

3. የቫዮክስ ታሪክ

ቫዮክስ መርክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው የሕመም ማስታገሻ ሲሆን በ1999 ተፈቀደ። ዋና ጥቅሙ ከቆዩት ማስታገሻዎች ይልቅ ጨጓራን የሚጎዳው በጥቂቱ መሆኑ ነበር። ስለዚህ በተለይ ሊጠቅም የሚችለው ጨጓራቸው ለሚያሰጋቸው ሰዎች ነበር። ማስታወቂያው ግን የተነገረው መገጣጠሚያውን ለሚያመው ሁሉ ነበር። በ1976 ኦሎምፒክ በበረዶ ላይ መንሸራተት ወርቅ ያገኘችው ዶሮቲ ሐሚል በቴሌቪዥን ቀርባ አስተዋወቀችው። በ2000 ብቻ ይህን መድኃኒት ለሕዝብ ለማስተዋወቅ 160 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጣ። ይህም በዚያው ዓመት ፔፕሲን ለማስተዋወቅ ከወጣው ይበልጣል።

በዚያው በ2000 የታተመ ጥናት ቫዮክስ የወሰዱት ሰዎች ናፕሮክሰን የተባለውን የቆየ ማስታገሻ ከወሰዱት ይልቅ በድንገተኛ የልብ ሕመም የተያዙት እንደሚበዙ አሳየ። ማስታወቂያው ግን ቀጠለ። በመጨረሻ ሌላ ጥናት መድኃኒቱን ከ18 ወር በላይ የወሰዱ ሰዎች ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ይበልጥ እንደሚጋለጡ ስላረጋገጠ፣ ኩባንያው በመስከረም 30 ቀን 2004 ከዓለም ገበያ ሰበሰበው። እስከዚያው በአሜሪካ ብቻ 20 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ወስደውት ነበር። በ2007 ኩባንያው ለከሳሾቹ 4.85 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ልብ በሉ፤ ማስታወቂያው ሕመም ማስታገሱን ሲናገር አልዋሸም፤ መድኃኒቱ ያስታግስ ነበር። የጎደለው «ይህ ለእኔ ይሆናልን?» የሚለው ጥያቄ ነው። ያን ጥያቄ ማስታወቂያ ሊመልስ አይችልም።

4. ቁጥርና ፊት

ሊፒቶር በደም ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል የሚቀንስ፣ ለብዙዎች የጠቀመ መድኃኒት ነው። የፋይዘር ኩባንያ ማስታወቂያ በትልቅ ፊደል ድንገተኛ የልብ ሕመምን በ36 በመቶ ይቀንሳል ይል ነበር። ከሥሩ በትንሽ ፊደል የተጻፈው ደግሞ በጥናቱ ባዶ ክኒን ከወሰዱት ከ100 ሰዎች 3፣ ሊፒቶር ከወሰዱት ከ100 ሰዎች 2 እንደታመሙ ይናገራል። ሁለቱም ጽሑፎች የሚናገሩት ስለ አንድ ጥናት ነው። ከሦስት ወደ ሁለት መውረድ በመቶኛ ሲጻፍ ትልቅ ይመስላል፤ በሰው ሲቆጠር ግን ከመቶው የተጠቀመው አንድ ሰው ነው። ስለዚህ ቁጥር ስትሰሙ «ከስንት ሰው ስንቱ?» ብላችሁ ጠይቁ።

በዚሁ መድኃኒት ማስታወቂያ ላይ ሰው ሠራሽ ልብ በመሥራት የታወቀው ሮበርት ጃርቪክ ይታይ ነበር። በኋላ ግን በሽተኛ ለማከም ፈቃድ እንደሌለው፣ ጀልባ ሲቀዝፍ የታየውም ሌላ ሰው እንደሆነ ተገለጠ። ኩባንያው በ2008 ማስታወቂያውን አቆመ። ነጭ ጋውን፣ የታወቀ ፊትና ጤናማ ሰውነት ማስረጃ አይደሉም።

ይህን ስንል ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት አቋርጡ ማለታችን አይደለም። ያለ ሐኪም ምክር መጀመርም ማቋረጥም አደጋ አለው።

5. ወደ እኛ ሲመጣ

በእጅ ስልክ የሚመጣው ማስታወቂያ ከዚህ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ሻጩ ማን እንደሆነ፣ የትኛው አገር ሕግ እንደሚገዛው አይታወቅም። «ከቅጠል የተሠራ፣ ውፍረት የሚቀንስ» ተብለው የሚሸጡ ክኒኖች ሲመረመሩ ሲቡትራሚን የተባለ መድኃኒት በድብቅ የተጨመረባቸው ብዙ ጊዜ ተገኝተዋል። ይህ መድኃኒት ለልብ አስጊ በመሆኑ በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ የወጣ ነው። ፊት ያቀላሉ በሚባሉ ቅባቶችም ውስጥ ሜርኩሪ፣ ወይም ክሎቤታሶልን የመሰለ ሐኪም ብቻ ሊያዝዘው የሚገባ ብርቱ መድኃኒት ይገኛል። ክሎቤታሶል ሲዘወተር ቆዳን ያሳሳል፤ ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል። እግዚአብሔር የሰጠንን መልክ የሚነቅፍ ማስታወቂያ አስቀድሞ የሚሸጥልን ኀፍረትን ነው፤ ቅባቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

6. ምን እናድርግ?

ሀ) ማስታወቂያ ስታዩ «የሚናገረው ማን ነው? ስገዛ የሚጠቀመውስ ማን ነው?» በሉ።

ለ) ጥቅሙን ብቻ ሰምታችሁ አትቁሙ። ጉዳቱና መውሰድ የሌለበት ሰው ካልተነገረ ነገሩ ጎደሎ ነው።

ሐ) ሐኪም ማግኘት ካልቻላችሁ ቢያንስ የፋርማሲ ባለሙያውን ጠይቁ። እርግዝና፣ አለርጂ፣ የጨጓራ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለባችሁ ሳትደብቁ ንገሩት። የምትወስዱትን መድኃኒት ሣጥን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቋንቋ ቢያስቸግር ሣጥኑ ይናገርላችኋል።

መ) ማዳም ወይም ጓደኛ ከራሷ ክኒን «እኔን አድኖኛል፣ ውሰጂ» ብትላችሁ፣ በትሕትና «አመሰግናለሁ፣ ግን መጀመሪያ ፋርማሲ እንጠይቅ» በሉ። በፍቅር የተሰጠ ክኒንም ያለ ምርመራ የተሰጠ ነው። እናንተም ለእናታችሁ አገር ቤት ክኒን ከመላካችሁ በፊት ይህንኑ አስቡ።

ሠ) የሥራ ውላችሁን አንብቡ ወይም አስነብቡ። በብዙ ውሎች ላይ ሕክምና የአሠሪው ኃላፊነት ሆኖ ተጽፏል። የማይለቅ ሕመም ካለባችሁ ሐኪም ዘንድ እንዲወስዷችሁ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ሰሚ ካጣችሁ ለቤተ ክርስቲያን ንገሩ።

እኅቶቻችን፣ ብዙዎቻችሁ የራሳችሁን ሕመም ችላችሁ የቤተሰብ ተስፋ ተሸክማችኋል። ጉልበታችሁ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የወላጆች ቤት ኪራይ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ሰውነታችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ እንደሆነ አስተምሮናል። ቤተ መቅደስ ደግሞ የሚገባበትን የሚመረምር በረኛ ያስፈልገዋል።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በዚህ ሳምንት ያያችሁት የመድኃኒት ወይም የቅባት ማስታወቂያ ስለ ጉዳቱ ምን አለ?
2. የቫዮክስ ማስታወቂያ ሐሰት ሳይናገር ሰዎችን እንዴት አሳሳተ?
3. ከመካከላችን የታመመች እኅት ሐኪም እንድታገኝ እርስ በርሳችን እንዴት እንረዳዳ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።