ያገለገለ የጽሕፈት ቤት ዕቃ ስለሚያስገኘው ጥቅም

ንግድ በሽያጭ ብቻ ሳይሆን በቁጠባም ይጸናል። ዲላ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከተሞች አንዷ ሆናለች፤ ስለዚህ ጠረጴዛና ወንበር ፈላጊው የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ነጋዴም ነው።

አዲስ ዕቃ የሚገኘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከውጭ አገር የሚገባው ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ100 ብር በላይ ይመነዘራል፤ በዚህም ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ዲላ 360 ኪሎ ሜትር ያህል የጭነት ኪራይ ይጨመርበታል። ሁለተኛው ከአገር እንጨት የሚሠራው ነው። ለዕቃ ሥራ የሚወደደው ዋንዛ በጌዴኦ ለቡናው ጥላ የሚሰጥ፣ በሚረግፈው ቅጠሉም አፈሩን የሚያዳብር ዛፍ ነው። ቡና፣ እንሰትና ዛፍ አንድነት የሚለሙበት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል።

እንግዲህ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ቡና ያስገኘውን ምንዛሪ ይወስዳል፤ ከአካባቢው ዋንዛ የሚሠራው የቡናውን ጥላ ይቀንሳል። ያገለገለው ዕቃ ግን ሁለቱንም ያተርፋል።

ለምሳሌ አዲስ ጠረጴዛ 20,000 ብር ቢያወጣ፣ ያገለገለው በ8,000 ብር ተገዝቶ ለጥገና 3,000 ብር ቢፈጅ፣ 9,000 ብር ይተርፋል። አሥር ጠረጴዛ ለሚያስፈልገው ነጋዴ 90,000 ብር የሸቀጥ መግዣ ይሆነዋል። የጥገናውም ዋጋ ለከተማው አናጢ ይገባል።

ሆኖም ርካሽ ሁሉ ትርፍ አይደለምና ገዢው እነዚህን ይመርምር፦

1ኛ፤ እንጨቱን ምስጥ ወይም ነቀዝ አለመብላቱን። ከሥሩ የሚታይ ዱቄት መሰል ብናኝ የነቀዝ ምልክት ነው።

2ኛ፤ ድፍን እንጨት ወይም ቺፕውድ መሆኑን። ድፍኑ መጋጠሚያው ቢላላ በኮላ ይጠብቃል፤ ፊቱም በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ቫርኒሽ ሲቀባ ይታደሳል። ቺፕውድ ግን ውሃ ከነካው ያብጣል፤ ብሎንም አይዝም።

3ኛ፤ የብረት ካቢኔ ከሆነ ዝገቱ ከላይ ብቻ መሆኑን፣ መሳቢያው በደህና መከፈቱንና ቁልፉ መኖሩን።

4ኛ፤ ሻጩ ባለንብረት መሆኑን የሚያስረዳ ደረሰኝ መኖሩን።

ዕቃ በመጋዘን ያከማቸ ነጋዴም ምስጥ ሳይቀድመው ቆጥሮ ለሽያጭ ቢያወጣው፣ ለራሱ ገንዘብና ባዶ ቦታ ያገኛል፤ ለሌላው ነጋዴም ወጪ ያቀልለታል።