ከጠመኔ ሮጠን አልወጣንም

ዛሬ ስለ ፍሬዛል ቨርብ ልጽፍ ነው፤ መነሻዬ የራሴ ስሕተት ነው። ባለፈው መምህራችን ሰሌዳ ላይ «ዊ ራን አውት ኦፍ ቾክ» ብለው ጻፉና ተርጉም አሉኝ። እኔም ኮራ ብዬ «ከጠመኔ ሮጠን ወጣን» አልኩ። ክፍሉ ሙሉ አውካካ።

ለካ «ራን አውት» አንድ ላይ ሲሆን መሮጡም መውጣቱም ይቀራል። «ዘ ቾክ ራን አውት» ማለት ጠመኔው አለቀ ነው። ባለቤቱ «እኛ» ከሆነ ግን «ኦፍ» ትገባና ያለቀብንን ነገር ይዛ ትመጣለች፤ ጠመኔ አለቀብን እንደ ማለት። የእንግሊዝኛ ተንኮል ብቻ እንዳይመስላችሁ! እኛስ «ልጁ ቁጭ አለ» እንል የለ? ልጁ እኮ ምንም አላለም።

«ፑት አፕ ዩር ሃንድ» እጅህን አውጣ ነው። «ዊዝ» ሲጨመርበት ግን መታገሥ ይሆናል፦ «አይ ካንት ፑት አፕ ዊዝ ዚስ ኖይዝ»፣ ይሄን ጫጫታ አልችለውም። (የኛን ክፍል ነው!)

«ሉክ ፎርዋርድ ቱ» በጉጉት መጠበቅ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ነጥብ እንጥላለን፤ «ቱ»ን ስናይ ወዲያው «ሲ» እንላለና። ይቺ «ቱ» ግን መስተዋድድ ስለሆነች ግሡ «ኢንግ» ይፈልጋል፦ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሲኢንግ ዩ»።

ዘንድሮ ሳይንሱም ሒሳቡም በእንግሊዝኛ ሆኖብናል፤ ስለዚህ እኔ አሁን ሦስቱንም ቃል አንድ ላይ፣ ከነምሳሌው ነው ደብተሬ ላይ የምጽፈው።

እስቲ ይቺን ሞክሯት፦ «ሺ ጌትስ አሎንግ ዊዝ ኸር ሲስተር»። መልሱን እስከ ዓርብ ለክበባችን አምጡ። «ከእህቷ ጋር ትሄዳለች» የሚል አንቀበልም!