ነፋስ መውጫ ነፋስ አለው ወይ?
የነፋስ ኃይል ፕሮጀክት ከየት ይጀምራል?

የተወለድኩት ላይ ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ ከተማ አጠገብ ነው። ስለ ነፋስ ኃይል መማር ስንጀምር ጓደኞቼ «የእናንተ አገርማ ስሙ ራሱ ጥናት ነው» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። እኔም አምኜ ነበር። ጥር ላይ ለእረፍት ቤት ስገባ ግን አጎቴን አውድማ ላይ ላይዳቸውን አስቀምጠው ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። «ምን እየጠበቁ ነው?» አልኳቸው። «ነፋስ ነዋ! ይኸው ሁለት ቀናችን፤ ገለባ የሚያነሣ እንኳ ጠፋ» አሉኝ።

ውድ አንባብያን፣ ፕሮጀክት የሚጀምረው ከስም ሳይሆን ከልኬት ነው። ምክንያቱም ከነፋስ የሚገኘው ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ ከ6 ወደ 7 ሜትር ቢጨምር ኃይሉ 59 በመቶ ያህል ይጨምራል። በግምት አንድ ሜትር መሳሳት ፕሮጀክቱን ሊገድለው ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ረጅም ምሰሶ ተተክሎ፣ በላዩም የፍጥነትና የአቅጣጫ መለኪያ ተገጥሞ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ክረምት ከበጋ መለካት አለበት።

ሁለተኛው ጉዳይ ከፍታ ነው። ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ በሩብ ያህል ይሳሳል። ፍጥነቱ እኩል ቢሆን እንኳ የሚገኘው ኃይል በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ሦስተኛ ቦታው ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው የጉና ተራራ በእስቴ፣ በፋርጣና በላይ ጋይንት መካከል ይገኛል። ነፋሱ ቢበረታ እንኳ ጉና የርብና የጉማራ ወንዞች መነሻ ነው፤ እንዳሻን የምንቆፍረው አይደለም። ወደ ስማዳ ስንወርድ ደግሞ አገሩ በገደል የተቆራረጠ ነው። ረጃጅሞቹን የተርባይን ክንፎች የሚያሳልፍ መንገድና የማስተላለፊያ መስመር ከሌለ ነፋሱ ብቻውን ምን ይፈይዳል? የወረታ–ወልድያ መንገድ በነፋስ መውጫ ማለፉ ግን አንድ ጥሩ ነገር ነው።

አራተኛው መሬት ነው። በተርባይኖቹ መካከል ማረስና ከብት ማሰማራት ይቻላል፤ የመሠረቱ፣ የመንገዱና የማከፋፈያ ጣቢያው ቦታ ግን ከገበሬው እጅ ይወጣል። ካሣው ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ከባለ መሬቱ ጋር ተነጋግሮ ማለቅ አለበት።

አገራችን ይህን ሥራ ታውቀዋለች። በመቀሌ አቅራቢያ የተሠራው የ120 ሜጋ ዋቱ አሸጎዳ በ2006 ዓ.ም፣ የ153 ሜጋ ዋቱ አዳማ ሁለት ደግሞ በ2007 ዓ.ም ተመርቀዋል። ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ፣ ግድቦች በሚጎድሉበት በበጋ የሚነፍስ ነፋስ ትልቅ ደጋፊ ነው።

ታዲያ ነፋስ መውጫ ነፋስ አለው ወይ? አለው፤ ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚነፍስ ግን መለካት አለበት። የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ለምትፈልጉ ጓደኞቼ፣ በትንሽ መለኪያ የአንድ ዓመት መረጃ መሰብሰብ እንጀምር እላለሁ። አጎቴ «ነፋሱ ጥቅምት ላይ እንዲህ ነው፣ ጥር ላይ እንዲያ» እያሉ የሚነግሩን ቃልም ከመለኪያው ጎን ይመዝገብ። አውድማ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ነፋስ ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸውና።