አሮጌው ኮምፒውተር ሌላ መሣሪያ ሲሆን

ከአገልግሎት ውጭ ሆኖ የተቀመጠ ኮምፒውተር ሁሉ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ለገበያ የቀረበውን 500 ሜጋኸርዝ ፔንቲየም 3 ለምሳሌ እንውሰድ። የዛሬዎቹን ድረ ገጾች ለመክፈት ይቸገራል፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1983 በጃፓን የወጣውን የኒንቴንዶ ፋሚኮም የቴሌቪዥን ጨዋታ መሣሪያ አስመስሎ ሊሠራ ይችላል።

ይህን የሚያስችለው «ኢሙሌተር» የተባለው ፕሮግራም ነው። የፋሚኮምን ትእዛዞች ፔንቲየም አያውቃቸውም። ስለዚህ ኢሙሌተሩ እንደ አስተርጓሚ ሆኖ እያንዳንዱን ትእዛዝ ያነባል፤ ትርጉሙን ይለያል፤ ከዚያም በፔንቲየም ትእዛዞች ተመሳሳዩን ውጤት ያስገኛል።

አስተርጓሚ ግን ጊዜ ይፈጃል። ፍጥነቱ ይበቃ ይሆን? እናስላ። የፋሚኮም ፕሮሰሰር በሴኮንድ 1.79 ሚሊዮን የሰዓት ምት አለው፤ ፔንቲየሙ ግን 500 ሚሊዮን። 500ን ለ1.79 ብናካፍል 280 ገደማ እናገኛለን። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የፋሚኮም ምት ኢሙሌተሩ 280 ያህል ምት አለው ማለት ነው። ከዚሁ ላይ ምስሉንና ድምፁን ለማስመሰል ቢወጣም የሚተርፍ አይጠፋም። እንዲያውም ኢሙሌተሩ ራሱን መግታት ይኖርበታል፤ አለዚያ በሴኮንድ 60 ያህል ብቻ መታየት የሚገባቸው ምስሎች እየተጣደፉ ጨዋታው ከተጫዋቹ እጅ ያመልጣል።

ለሥራው የሚያስፈልገን ለአሮጌ ማሽን የሚስማማ ቀላል የሊኑክስ ሥርዓትና ኢሙሌተሩ ነው። ጨዋታዎች የቅጂ መብት ስላላቸው፣ አዘጋጆቻቸው በነፃ የፈቀዷቸውን እንምረጥ።

አንድ ማሽን የሌላውን መግለጫ ተቀብሎ የዚያኑ ሥራ ሊሠራ እንደሚችል አላን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1936 በሒሳብ አሳይቶ ነበር። አሮጌውን ኮምፒውተር ከመጣላችን በፊት ይህን ታላቅ ሐሳብ በገዛ እጃችን ልንፈትንበት እንችላለን።