ሳንስማማም አብረን እንነዳለን

ብስክሌተኞች በተሰበሰቡበት ሁሉ የማይቀር ክርክር አለ። አንዱ «የራሳችን መስመር ያስፈልገናል፤ ከመኪና ጋር መጋፋት ሞትን መጥራት ነው» ይላል። ሌላው «መንገዱ የእኔም ነው፤ ስለምን ጥግ እይዛለሁ?» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ የሔልሜት ነገር ይነሳል። ቀጥሎ ባትሪ ያለው ብስክሌት ብስክሌት ይባል አይባል ይመጣል። ለውድድር የሚሠለጥነው ወጣት ዴሊቨሪ የሚሠራውን ልጅ እንደ ብስክሌተኛ አይቆጥረውም፤ ያኛውም በፊናው ባለ ጠባብ ቁምጣውን ሥራ ፈት አድርጎ ያየዋል።

ክርክሩን እወደዋለሁ። ሰው ደንታ በማይሰጠው ነገር ላይ ድምፁን ከፍ አያደርግም። የሚያሳስበኝ ክርክሩ ሲያበቃ ሰላምታውም አብሮ ሲቀር ነው። ይህ ደግሞ የግድ እንዳልሆነ የሚያሳዩ ሁለት ሰዎች አሉና ስለ እነሱ ልንገራችሁ።

ጂኖ ባርታሊና ፋውስቶ ኮፒ የጣሊያን ብስክሌተኞች ነበሩ። ባርታሊ የፍሎረንስ አካባቢ ልጅ፣ እምነቱን የማይደብቅ ጽኑ ካቶሊክ ነው። ኮፒ በአምስት ዓመት ያንሰዋል፤ ከፒየሞንት የገበሬ ቤት የወጣ፣ ዝምተኛ፣ በሥልጠናና በአመጋገብ አዲስ ነገር መሞከር የማይፈራ ሰው ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገሩ በፖለቲካ ተከፍሎ ስለነበር ሕዝቡ ክፍፍሉን ወደ እነሱ አመጣው። ወግ አጥባቂው ባርታሊን፣ ለውጥ ፈላጊው ኮፒን ያዘ።

በ1948 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድ ቫልከንበርግ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ሁለቱም ለአገራቸው ተሰለፉ። ባርታሊ የዚያን ዓመት ቱር ደ ፍራንስን ካሸነፈ ገና ጥቂት ሳምንታት ነበሩ። ኮፒም በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ ይበልጥ ከሚፈሩት ተወዳዳሪዎች አንዱ ነበር። ነገር ግን ኮፒ የባርታሊን ጎማ፣ ባርታሊም የኮፒን ጎማ ይጠብቅ ጀመር። አንዱ ቢፈጥን ሌላው እንዳይጠቀም፣ አንዱ ቢዘገይ ሌላው እንዳያመልጥ ሲጠባበቁ ሌሎቹ ጥለዋቸው ሄዱ። በመጨረሻ ሁለቱም ውድድሩን አቋርጠው ወጡ፤ የአገራቸው ፌዴሬሽንም ለጊዜው አገዳቸው። እግራቸው አልደከመም፤ ብስክሌታቸውም አልተሰበረም። ያን ያህል አቅም የጠፋው ሌላውን ለማስቀረት ሲባል ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ምን ሆነ መሰላችሁ? በዚያ ዘመን ቱር ደ ፍራንስ በአገር ቡድን ነበር የሚነዳው፤ የጣሊያን ቡድን አሠልጣኝ አልፍሬዶ ቢንዳ ሁለቱን በአንድ ቡድን ለማሰለፍ ብዙ ደከመ፤ ተሳካለትም። ሐምሌ 18 ቀን 1949 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አልፕስ የኢዞአርን ተራራ ተሻግረው ሁለቱ ብቻቸውን ብሪያንሶን ደረሱ። ቀኑ የባርታሊ 35ኛ ልደት ነበር። ኮፒ መጨረሻው ላይ አልተሻማውም፤ ባርታሊ የዕለቱን ድል ወስዶ የአጠቃላይ መሪውን ቢጫ ማሊያ ለበሰ። በማግስቱ ወደ አኦስታ ሲነዱ ባርታሊ ጎማው ተነፈሰ፤ ወደቀም። ኮፒ ጠበቀው፤ የሄደው ቢንዳ «ሂድ» ሲለው ነው። ፓሪስ ሲደርሱ ኮፒ አንደኛ፣ ባርታሊ ሁለተኛ ሆኑ። ሦስተኛው ከኮፒ ከ25 ደቂቃ በላይ ርቆ ነበር የገባው።

ልብ በሉልኝ፣ ባርታሊ ኮፒን አልሆነም፤ ኮፒም ወደ ባርታሊ አልዞረም። በአንድ ዓመት ውስጥ የተለወጠው አመለካከታቸው አይደለም፤ ጠባያቸው ነው። ጠባይ ደግሞ በእጃችን ያለ ነገር ነው፤ ዛሬውኑ ልንጀምረው እንችላለን።

ስለ ባርታሊ አንድ ነገር ልጨምር። በጦርነቱ ጊዜ ለሚሳደዱ አይሁዶች የተዘጋጁ የሐሰት መታወቂያዎችን በብስክሌቱ ብረት ውስጥ ደብቆ ያመላልስ ነበር። ይህንን በሕይወቱ ዘመን እምብዛም አላወራውም፤ እሱ ካረፈ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. የሆሎኮስት መታሰቢያ ተቋሙ ያድ ቫሼም አከበረው። በአጠገባችሁ የሚያልፈው ሰው ብስክሌቱ ቢያረጅ ወይም ልብሱ ባያምራችሁ፣ ምን ተሸክሞ እንደሚሄድ አታውቁምና ለማቃለል አትቸኩሉ።

ብስክሌት ራሱ አብሮ መንዳትን ይሸልማል። በ2018 እ.ኤ.አ. በርት ብሎከን የተባለ የኤሮዳይናሚክስ ተመራማሪ የ121 ተወዳዳሪዎችን ስብስብ በነፋስ መሞከሪያ ዋሻና በኮምፒውተር መርምሮ ነበር። ስብስቡ መሐል ለመሐል ያለው ሰው የሚገጥመው የነፋስ ግፊት፣ ብቻውን በዚያው ፍጥነት የሚነዳው ሰው ከሚገጥመው ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይህ ግን የሚሠራው ፊት ለመውጣት ፈቃደኛ የሆነ ሰው ሲኖር ነው። ፊት ያለው ነፋሱን በደረቱ ይቀበላል። ሲደክመው ክርኑን ነቅነቅ አድርጎ ወደ ጎን ይወጣል፤ ሌሎቹ ሲያልፉት ከኋላ ይገባል። ጉድጓድ ሲያይ እጁን ዝቅ አድርጎ በጣቱ ያመለክታል፤ ከኋላ ያለው ከፊቱ ሰው ጀርባ ሌላ የሚያየው የለምና ያንን ጣት አምኖ ይታጠፋል። የኋለኛው ስለ ሔልሜት የተለየ ሐሳብ አለው ብሎ ጉድጓዱን የሚደብቅ ብስክሌተኛ አይቼ አላውቅም!

በከተማ መንገድም እንዲሁ ነው። በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመሮች ተሠርተዋል። መስመር የሚወደውና ዋናውን መንገድ የሚመርጠው በብዙ ነገር ላይስማሙ ይችላሉ፤ መስመሩ ላይ መኪና እንዳይቆም፣ የተከፈተ ጉድጓድ እንዲከደን፣ ሹፌሩ ሲያልፍ ርቀት እንዲጠብቅ ግን ሁለቱም ይፈልጋሉ። ለዚህ አብረው ቢጠይቁ ድምፃቸው ይሰማል። ኔዘርላንዳውያን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያደረጉት ይህንኑ ነው። በ1971 ብቻ በትራፊክ አደጋ ከ3,000 በላይ ሰዎች ሞተውባቸው ነበር፤ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ናቸው። ያዘኑ ወላጆች፣ የአካባቢ ተቆርቋሪዎችና ብስክሌተኞች በአንድነት አደባባይ ወጡ። ዛሬ የምናደንቃቸው መንገዶች የዚያ ግፊት ፍሬዎች ናቸው።

ስለዚህ ለማትስማሙት ሰው መልስ ከመስጠታችሁ በፊት «አንተ የት ነው የምትነዳው?» ብላችሁ ጠይቁት። አብዛኛው አቋም ከመንገድ ይወለዳል። በባሕር ዳር ሜዳ ላይ ያደገ ሰውና በየቀኑ የእንጦጦን ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ስለ ፍሬንና ስለ ሔልሜት እኩል ቢያስቡ ነው የሚገርመኝ። ያ ሰው በዕድሜ ከፍ ካለ «አንቱ» በሉት፤ ታዳጊ ከሆነም አታዋርዱት። በስም ሳይሆን በሐሳብ ተከራከሩ። በመንገድ ዳር ብስክሌቱን ገልብጦ የቆመ ብስክሌተኛ ስታዩ የየትኛው ወገን ነው ሳትሉ ፍሬን ያዙና «ምን ልርዳህ?» በሉት።

በዚህ እሑድ ደግሞ ከተጣላችሁት ባልደረባችሁ ጋር ተደዋወሉ። መንገዱን እሱ ይምረጥ፤ ፍጥነቱን የደከመው ይወስን። ፖምፓና የጎማ መለጠፊያ መያዝ አትርሱ። ስለ መስመሩ የጀመራችሁት ክርክር ካላለቀ ቀጥሉበት፤ ነፋሱ ሲበረታ ግን ተራ በተራ ፊት ውጡ።