አፍንጫን ሳይጎረጉሩ ማጽዳት፣ ነስርንም ማቆም

አፍንጫን በጣት መጎርጎር የሚያመጣው የተለመደ ጉዳት ነስር ነው። ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳዎች የሚለየው ግድግዳ በፊተኛው ጎኑ ስስ ቆዳ የለበሰ ሲሆን ከሥሩ በርካታ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይገናኙበታል። ጣት ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው ይህንኑ ቦታ ነው። ጥፍር ይቧጭረዋል፣ ይደማል፣ ቅርፊት ይሠራል፤ ቅርፊቱ ስለሚያሳክክ እጅ ተመልሶ ይገባል። ይህ ለረጅም ጊዜ ሲደጋገም ግድግዳው እስከ መበሳት ሊደርስ ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳት ከተሐዋስያን የሚመጣ ነው። ከጤነኛ ሰዎች ሲሶ ያህሉ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለውን ባክቴሪያ አፍንጫቸው ውስጥ ይዘው ይኖራሉ፤ ቆዳው ሲቧጨር ገብቶ ቡግንጅ ያወጣል። የሳንባ ምች አምጪ ባክቴሪያም በእጅ በኩል ወደ አፍንጫ ሊገባ እንደሚችል በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የሊቨርፑል ጥናት አሳይቷል። እበት ዝቆ ወይም አፈር ቆፍሮ ያልታጠበ እጅ ደግሞ የከፋ ነው።

በላይ ጋይንትና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጉና ተራራ ዙሪያ ባሉ የእስቴ ደጋዎች በበጋ አየሩ ቀዝቃዛና ደረቅ ነው። በዚያ ላይ የኩበት ጭስና የውቂያ ወራት እብቅ ይጨመራል። ንፍጡ ደርቆ ይጣበቃል፣ ሰውም ይጎረጉራል። ስለዚህ ልጅን «አትጎርጉር» ብሎ መቆጣት ብቻውን ብዙም አይረዳም፤ መፍትሔው ድርቀቱን ማስቀረት ነው።

መጀመሪያ እጅ በሳሙና ይታጠባል፣ ጥፍርም በአጭሩ ይቆረጣል። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይፈላና ለብ እስኪል ይቀዘቅዛል፤ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ ጨው ይሟሟበታል። ያልፈላ የወንዝ ወይም የምንጭ ውሃ ለዚህ አይሆንም። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ጥቂት ጠብታ ይደረግና ቅርፊቱ እስኪርስ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። ቀጥሎ አንዱን ቀዳዳ ዘግቶ በሌላው በቀስታ መናፈጥ ነው፤ በኃይል መናፈጥ ራሱ ያደማል። በመጨረሻ ለአዋቂ በመግቢያው ላይ ስስ ቫዝሊን ይቀባል። አውድማ ላይ የሚውል ሰው፣ በተለይ እህል ሲያዘራ፣ አፍንጫና አፉን በነጠላ ወይም በሻሽ ቢሸፍን ማታ የሚጸዳው ያነሰ ይሆናል።

ነስር ሲመጣ ብዙ ሰው የሚያደርገው አንገትን ወደ ኋላ ማንጋለል ስሕተት ነው፤ ደሙ አይቆምም፣ ወደ ጉሮሮ ወርዶ ያስመልሳል፣ ሊያንቅም ይችላል። የሚነስረው ሰው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ትንሽ ወደ ፊት ያጎነብሳል። ከአጥንቱ በታች ያለውን ለስላሳ የአፍንጫ ክፍል በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ግጥም አድርጎ ይዞ በአፉ ይተነፍሳል። አያያዙ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳይለቀቅ መቆየት አለበት። ቆመ አልቆመ እያሉ በየመሐሉ መልቀቅ የረጋውን ደም ያፈርሰዋል። አፍ ውስጥ የገባውን ደም መትፋት እንጂ መዋጥ አይገባም። ቅጠል ወይም ጨርቅ መወተፍም ሲወጣ ቁስሉን ስለሚያድሰው አይመከርም። ከቆመ በኋላ ለአንድ ቀን ያህል መናፈጥና ከባድ ሸክም ማንሣት ይቀራል።

ሁለት ጊዜ በዚህ መንገድ ተይዞ ያልቆመ፣ ጭንቅላት ተመትቶ የመጣ ወይም ቶሎ ቶሎ የሚመላለስ ነስር ወደ ጤና ጣቢያ ያስኬዳል፤ እዚያ የደም ግፊትም መለካት አለበት። ከአቅም በላይ የሆነው ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ይላካል። የአፍንጫ ቡግንጅን ማፍረጥ አይገባም፤ የዚያ አካባቢ ደም መልሶች ከአንጎል ሥር ካሉት ጋር ይገናኛሉ። ትኩሳት፣ የዐይን ማበጥ ወይም ብርቱ ራስ ምታት ከታከለበት በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል።

ከምንጭ ወይም ከኩሬ አጎንብሶ የጠጣ ሰው ከአንዱ ቀዳዳ ብቻ ደጋግሞ ቢደማ፣ ውስጡም የሚንቀሳቀስ ነገር ቢሰማው፣ አልቅት ሊሆን ይችላል። በጣትም ሆነ በእንጨት ሳይጎረጉሩ በጤና ባለሙያ እንዲወጣ ማድረግ ነው።