ተኩላን ስለ ማደንና እንስሳት ስሜት ያላቸው ስለ መኾናቸው የቀረበ ትምህርት

ምስጋና ለፍጥረታት ሁሉ ጌታ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም ለእዝነት በተላኩት በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ። ከዚህ በኋላ፤

አንባቢ ሆይ! ይህን ትምህርት እንድጽፍ ያነሣሣኝ ከአንድ ነጋዴ የቀረበልኝ ጥያቄ ነው። ይህ ሰው በከተማ ሱቅ፥ በገጠርም በእረኛ የሚጠበቁ በጎች አሉት። አንድ ሌሊት ተኩላ ከበረቱ ገብቶ ሰባት በጎች ገደለበት፤ የበላው ግን አንዱን ብቻ ነበር። እረኛው ወጥመድ አጠመደ፤ በሦስተኛውም ቀን ተኩላው በእግሩ ተያዘ። ሰዎቹ ግን ወዲያው አልገደሉትም። በሕይወቱ ሳለ ከዛፍ ላይ አንጠልጥለው ልጆች በድንጋይ ይወግሩት ዘንድ ተዉት፤ እስከ ማግሥቱም ድረስ ነፍሱ አልወጣችም። ነጋዴው ይህን በዐይኑ ካየ በኋላ እንቅልፍ አጣና ወደ እኔ መጥቶ፥ «ሸኽ ሆይ! ይህ የመንጋ ጠላት የኾነ አውሬ ነው፤ መግደሉም የተፈቀደ ነው ይባላል። ታዲያ ቢሠቃይ በእኛ ላይ ኀጢአት አለብንን? አውሬስ ሥቃይ ይሰማዋልን? እባክዎ ይንገሩኝ» አለኝ።

እኔም ጥያቄው የርሱ ብቻ አለመኾኑን ተረድቼ መልሱን በአራት ክፍል ጻፍሁት።

አንደኛ፤ እንስሳት ስሜት አላቸውን?

ዕወቅ! ቅዱስ ቁርኣን በሱረቱል አንዓም በ38ኛው አንቀጽ፥ በምድር ላይ የሚንቀሳቀሱ እንስሳትና በክንፎቻቸው የሚበሩ አዕዋፍ እንደ እኛው ያሉ ሕዝቦች መኾናቸውን ይነግረናል። ሕዝብ የተባለ ነገር ደግሞ እንደ ድንጋይ የማይሰማው አይደለም፤ የራሱ አኗኗር፥ የራሱ መግባቢያ፥ የራሱም ፍርሃት አለው። በሱረቱ ነምልም የነቢዩ ሱለይማን ሠራዊት ሳያውቅ እንዳይረግጣቸው ጓደኞቿን ያስጠነቀቀችው ጉንዳን ታሪክ ተነግሯል። ጉንዳን ለወገኗ ከፈራች ከርሷ የሚበልጠው እንስሳ ምን ያህል ይፈራ!

የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) አኗኗር ተመልከት። አቡ ዳውድ እንደ ዘገቡት፥ ባልደረቦቻቸው በጉዞ ላይ ሳሉ የአንዲትን ትንሽ ወፍ ሁለት ጫጩቶች በወሰዱባት ጊዜ እናቲቱ ክንፎቿን ዘርግታ ታንዣብብ ጀመር። እርሳቸውም በልጆቿ ምክንያት ያስጨነቃት ማን እንደ ኾነ ጠየቁ፤ ጫጩቶቿም እንዲመለሱላት አዘዙ። ደግሞም ከአንድ የአንሷር ሰው የአትክልት ቦታ በገቡ ጊዜ አንድ ግመል አይቷቸው ዐይኖቹ እንባ አፈሰሱ፤ እርሳቸውም ራሱን ዳሰሱትና ዝም አለ። ባለቤቱን ጠርተውም ግመሉ ስለ ረኀብና ስለ ድካም እንደ ከሰሰው ነገሩት። ለወፊቱ ጭንቀት፥ ለግመሉም ክስ አለው ካሉ በኋላ «እንስሳ ምን ይሰማዋል?» ማለት ለእኛ ለሙስሊሞች የተገባ ነገር አይደለም።

በ660 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ታላቁ ሊቅ ዒዝዲን ኢብኑ ዐብዱሰላም እንስሳት በሰው ላይ ያላቸውን መብት ሲዘረዝሩ፥ ባለቤቱ እንስሳው አርጅቶ ወይም ታሞ ባይጠቅመው እንኳ ሊቀልበው፥ ከዐቅሙ በላይም ላይጭነው፥ ግልገሉንም በፊቱ ላያርድበት እንደሚገባ ጽፈዋል። ስሜት ለሌለው ነገር እንዲህ ያለ መብት ማን ይጽፍለታል?

በአውሮፓ ግን በ17ኛው መቶ ዓመት ዴካርት የተባለው ፈረንሳዊ ፈላስፋ እንስሳት እንደ ሰዓት መዘውር የሚንቀሳቀሱ ናቸው ብሎ አስተማረ፤ ብዙዎችም ተከተሉት። ዛሬ የሳይንስ ሊቃውንት ከዚህ ሐሳብ ርቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 በካምብሪጅ ከተማ ተሰብስበው፥ ለንቃተ ኅሊና የሚያስፈልገው የአንጎልና የነርቭ መሠረት በሰው ብቻ ሳይኾን በአጥቢ እንስሳትና በአዕዋፍም እንደሚገኝ በይፋ አስታወቁ። በ2024ም በኒውዮርክ ይህንኑ የሚያጠናክር መግለጫ ወጣ። እነርሱ ከረጅም መንገድ በኋላ የደረሱበትን እኛ በበራችን ላይ ተቀምጦ አግኝተነው ነበር፤ ነገር ግን ያወቀ ሰው ባወቀው ካልሠራበት ዕውቀቱ ምስክር ይኾንበታል።

ስለ ተኩላም ጥቂት ልንገርህ። የተኩላ ጭፍራ በአብዛኛው አባት፥ እናትና ልጆች ያሉበት ቤተ ሰብ ነው። እናቲቱ ሁለት ወር ያህል አርግዛ ዐይናቸው ያልተገለጠ ቡችሎች ትወልዳለች። አባትና ታላላቆቹ ልጆችም አድነው ሥጋውን በሆዳቸው ይዘው ይመጡና ለታናናሾቹ መልሰው ያጎርሷቸዋል። ከመካከላቸው አንዱ ቢጠፋ በጩኸት ይጠራራሉ። እግሩ በብረት ወጥመድ ሲሰበር ሥቃዩን ወደ አንጎል የሚያደርሰው ነርቭ ከአንተ ነርቭ ጋር አንድ ዐይነት ሥራ የሚሠራ ነው።

ምናልባት «ሰባት ገድሎ አንዱን ብቻ መብላቱ ክፋት አይደለምን?» ትል ይኾናል። አይደለም። በሜዳ አንዱ ሲያዝ የቀሩት ይሸሻሉ፤ በበረት ግን የሚሸሹበት ስለሌላቸው በፊቱ ይራወጣሉ፤ ይህም የማደን ጠባዩን ደጋግሞ ይቀሰቅሰዋል። ተኩላ ሕግ የተጣለበት ፍጡር አይደለም፤ ስለዚህ ወንጀለኛ ሊባል አይችልም። ጉዳት ሊከላከሉት የሚገባ ነው እንጂ ቅጣት የሚገባው አይደለም። ቅጣት ለሚጠየቅ ነውና። ተኩላውን ሰቅሎ ማሠቃየት ኀጢአት የሌለበትን መበቀል ነው።

ሁለተኛ፤ ተኩላን መግደል የሚፈቀደው መቼ ነው?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በኢሕራም ላይ ያለ ሰው እንኳ ሊገድላቸው የሚፈቀድለትን ዐምስት ጎጂ ፍጥረታት ሲቆጥሩ ነካሽ ውሻን ጨምረዋል። ኢማሙ ማሊክ በሙወጠእ መጽሐፋቸው፥ ይህ ቃል ሰውን የሚያጠቃውንና የሚያስፈራውን ሁሉ፥ እንደ አንበሳ፥ እንደ ነብርና እንደ ተኩላ ያለውን የሚያጠቃልል መኾኑን አስረድተዋል። ስለዚህ ሰውን ወይም መንጋን የሚያጠቃ ተኩላን መግደል የተፈቀደ ነው። ሸሪዓ የእረኛውን እንባ አይንቅም፤ የድኻ ቤተ ሰብ ኑሮ በዐሥር በጎች ላይ ሊኾን ይችላልና።

ነገር ግን ማንም ሰው ይህን ፈቃድ ያለ ልክ አይዘርጋው። የተኩላ ሥጋ አይበላም፤ ክራንቻ ያለው አውሬ ሁሉ ተከልክሏልና። በአውሬ ቆዳም ላይ መቀመጥን ነቢያችን ከልክለዋል። ለጨዋታ ማደንም ሐራም ነው፤ ነሳኢ በዘገቡት ሐዲስ ያለ ጥቅም የተገደለች ወፍ በትንሣኤ ቀን ገዳይዋን በአላህ ፊት እንደምትከስ ተነግሯል። ታዲያ ማንንም ያልነካውን ተኩላ በዱሩ ሄዶ ለኩራት ብሎ የሚገድል ሰው ምን መልስ አዘጋጅቷል?

ዘሩን ፈጽሞ ማጥፋትማ ከዚህ የከፋ ነው። ነቢያችን ውሾች ከሕዝቦች አንዱ ሕዝብ ባይኾኑ ኖሮ ሁሉም እንዲገደሉ ያዝዙ እንደ ነበር ተናግረዋል፤ ይህም አላህ የፈጠረውን ሕዝብ ከምድር ገጽ መደምሰስ የእኛ ሥልጣን አለመኾኑን ያስረዳል። አሜሪካኖች የሎውስቶን በተባለው ሰፊ ዱር ተኩላዎችን በጥይትና በወጥመድ እያሳደዱ እስከ 1926 ድረስ ጨረሷቸው። ከዚያ በኋላ አጋዘኖች በዝተው የወንዝ ዳር ችግኞችን ሲያጠፉ ታየ። በመጨረሻም በ1995ና በ1996 ከካናዳ 31 ተኩላዎች አምጥተው መልሰው ለቀቁ። አላህ በሚዛን ያቆመውን ሰው ሲያዛባ እንዲህ በድካም ይመለስበታል።

በኢትዮጵያም በባሌና በሰሜን ተራራዎች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ፥ ሊቃውንት ከተኩላ ወገን የሚቈጥሩት፥ በሌላ አገር የማይገኝ ነው። ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 አይበልጡም። ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው፤ ይበልጥ የሚጨርሰውም ከውሾች የሚጋባበት የእብደት በሽታ ነው። እርሱን የበግ ፈጅ ነው ብሎ የሚያሳድድ ሰው ሳይመረምር የፈረደ ነው።

ሦስተኛ፤ መግደል ግድ ቢኾን እንዴት?

ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ አላህ በነገር ሁሉ ላይ በጎ አሠራርን ግዴታ ማድረጉ፥ ስለዚህም የሚገድል ሰው አገዳደሉን ማሳመር፥ የሚያርድም ቢላዋውን መሳልና የሚታረደውን ማሳረፍ እንዳለበት ተነግሯል። ይህ ትእዛዝ ለበግ ብቻ አይደለም፤ ለተኩላም ነው። ነፍስ ያለውን ነገር ዒላማ አድርጎ የሚወረውርበትን ነቢያችን ረግመዋል። በእሳት መቅጣትም የእሳት ጌታ ብቻ መብት መኾኑን ተናግረዋል። መርዝ የሚበትንም ሰው ይጠንቀቅ፤ መርዝ ተኩላን፥ የእረኛውን ውሻና በላያቸው የሚያርፈውን አሞራ ለይቶ አያውቅም። ወጥመድ ያጠመደም ቶሎ ቶሎ ይጎብኘው፤ የተያዘውንም በአንድ ምት ያሳርፈው።

ልጆች እንዲወግሩት መተው ግን ሁለት በደል ነው፤ አንዱ በእንስሳው፥ ሁለተኛው በልጆቹ ላይ። በሚሠቃይ ፍጡር መሳቅን የተማረ ልጅ ነገ በሚስቱና በአገልጋዩ ላይ ይለማመደዋል። አንዲት ሴት ድመት አስራ በረኀብ ስለ ገደለች እሳት መግባቷን፥ ለተጠማ ውሻ ያጠጣ ሰው ደግሞ ምሕረት ማግኘቱን ለልጆችህ ንገራቸው።

አራተኛ፤ ለነጋዴዎች የቀረበ ምክር

በዐረብ አገሮችና በሌሎችም ስፍራዎች አንዳንድ ሰዎች የተኩላ ጥርስ፥ ቆዳና ጠጕር ጂንን ያባርራል እያሉ ይሸጣሉ፤ እናቶችም ለልጆቻቸው አንገት ይገዛሉ። እናንተ ነጋዴዎች ሆይ! ይህ ከንቱ እምነት ነው፤ ክታብ ማንጠልጠልም ወደ ሺርክ የሚያደርስ ነገር ነው። ጠባቂው አላህ ብቻ ነው። ከዚህ የሚገኘው ገንዘብ በማታለል የተገኘ ስለ ኾነ በረከት የለውም፤ በርሱም ምክንያት ያልበደለ ፍጡር ይታደናል።

አሁን ወደ ጠያቂዬ ልመለስ። ይህን ሁሉ ከነገርሁት በኋላ፥ «ወንድሜ ሆይ! በረቱ በር ነበረውን?» ብዬ ጠየቅሁት። ጥቂት ዝም አለና፥ «በሩ ተሰብሮ ነበር። እረኛው ሁለት ጊዜ ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን ወጪው በዛብኝ» አለ። «የሰባቱንስ በጎች ዋጋ ማን ከፈለ?» አልሁት። ራሱን ዝቅ አድርጎ ከእረኛው ደመወዝ መቍረጥ እንደ ጀመረ ነገረኝ።

አንባቢ ሆይ! የነቢዩ ዩሱፍን (ዐ.ሰ.) ታሪክ አስብ። ወንድሞቹ ከጕድጓድ ጥለውት የሐሰት ደም በቀሚሱ ላይ ቀብተው ተኩላ በላው አሉ። ተኩላው ከደሙ ንጹሕ ነበር፤ በዳዮቹ ሰዎች ነበሩ። በነጋዴው ነገር ተኩላው በጎቹን በእርግጥ ገድሏል፤ ነገር ግን ከተኩላው ጀርባ የሰው ስስት ቆሞ ነበር። ተኩላው ተሰቀለ፥ እረኛው ደመወዙን ተቈረጠ፥ በሩን ያላሠራው ግን ከሳሽ ኾኖ ቀረበ! የሕግ ሊቃውንት እንደ ደነገጉት ተቀጣሪ እረኛ ባለአደራ ነው፤ ቸል ካላለ ወይም ወሰን ካላለፈ የጠፋውን አይከፍልም።

ስለዚህ የቈረጠውን እንዲመልስ፥ ስለ ተኩላው ሥቃይም ወደ አላህ ንስሓ እንዲገባ፥ የበረቱንም በር እንዲያሠራ መከርሁት። የመንጋ ጠባቂ ውሻም እንዲገዛ ነገርሁት፤ ለመንጋ፥ ለአደንና ለእርሻ የሚኾን ውሻ በሐዲስ ተፈቅዷልና። በሩን ዘግቶና ውሻ አኑሮ፥ ከዚያ በኋላ የሚመጣበትን ተኩላ መግደል ግድ ቢኾንበት በአንድ ጥይት ይግደለው፤ በዚህም አይወቀስም።

በመጨረሻም ቲርሚዚ የዘገቡትን አንድ ሐዲስ ትርጉም ላስታውስህ። በበጎች መካከል የተለቀቁ ሁለት የተራቡ ተኩላዎች የሚያደርሱት ጥፋት፥ የገንዘብና የክብር ጕጕት በሰው ሃይማኖት ላይ ከሚያደርሰው ጥፋት አይበልጥም። የዱሩ ተኩላ በግህን ይወስድብሃል፤ በደረትህ ያለው ግን የእረኛውን እንጀራና የአንተን አኺራ በአንድነት ይበላል። የበረትህን በር ስትዘጋ ይህንንም በር መዝጋት አትርሳ።

አላህ ለፍጥረቱ ከሚያዝኑት፥ በእጃቸውም ያለውን አደራ ከሚጠብቁት ባሮቹ ያድርገን። አሚን።